የቴቁሐ ታላላቆችና የቤተ እስራኤል ትንንሽ ማኅበራት

የነህምያን መጽሐፍ ሦስተኛ ምዕራፍ ብዙ አንባቢ እንደ ደረቅ የስም ዝርዝር ቆጥሮ ያልፈዋል። ዳሩ ግን ቆም ብሎ ለተመለከተው ሰው ታላቅ ነገር አለበት። የፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር የታደሰው በአንድ አለቃ ደመወዝ በተቀጠረ በአንድ ጭፍራ አይደለም። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከወንድሞቹ ከካህናቱ ጋራ የበጉን በር ሠራ፤ ሌላውን ወርቅ አንጥረኛው፥ ሌላውን ሽቱ ቀማሚው፥ ሌላውን ነጋዴው፥ ደግሞም ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋራ፥ ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ፍራሽ አነሡ። ጸሓፊው ይህን ሁሉ በስም በስም ሲቆጥር አንድ ነገር ሳይሸሽግ መዝግቦአል፤ የቴቁሐ ሰዎች ድንጋይ ሲሸከሙ ታላላቆቻቸው ግን ከሥራው ርቀው ቆሙ። የእነዚያን ታላላቆች ስም እንኳ አልጻፈላቸውም።

ይህን ያነሣሁት በካህናትና በከተማ ምሁራን መካከል ደጋግሞ በሚነሣ በአንድ ክርክር ምክንያት ነው። ክርክሩ ስለ ቤተ እስራኤል ነው። በእስራኤል አገር፥ በአሜሪካና በእንግሊዝ፥ ደግሞም በዚሁ በጎንደር ከተማ፥ ጥቂት ሰዎች እየተሰበሰቡ ያቋቋሟቸው፥ ትርፍ የማይሹ ትንንሽ ማኅበራት የዚያን ሕዝብ ጸሎት፥ ትምህርትና ኑሮ ለማደስ ይደክማሉ። ስለ እነዚህ ማኅበራት ከእኛ ሰዎች አፍ የምሰማው ግን ሁለት ዓይነት ቃል ነው። አንደኛው ወገን፦ ማን ሾማቸው? ረቢ አይደሉ፥ ቄስ አይደሉ፥ መንግሥት አይደሉ፤ ሃይማኖትን የሚያድሰው ባለ ሥልጣን እንጂ የወጣት ስብስብ አይደለም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የአይሁድ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው ብሎ ነገሩን ይከድነዋል። እኔ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል እላለሁ፤ የተሳሳቱትም በሩቅ ሰው ነገር ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ነገር ጭምር ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ መልሱ ቅርብ ነውና። ቤተ እስራኤል ኦሪትን ሲያነቡ የኖሩት በዕብራይስጥ አይደለም፤ በግእዝ ነው። ጸሎታቸውንም ያዜሙት በግእዝ ነው፤ ከጥንቱ የአገው ቋንቋ ጥቂት ቃላት ብቻ በመካከሉ ቀርተዋል። ሌላው ዓለም መጽሐፈ ሄኖክንና ኩፋሌን በምልዓት ሲያጣቸው ይዘው የኖሩት እኛና እነርሱ ነን። ትእዛዘ ሰንበትንና ሞተ ሙሴን ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው የጻፉት በዚሁ እኛ በምንቈጥረው ፊደል ነው። መሪያቸውን ቄስ፥ መነኵሴያቸውን አባ፥ የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል። ከማስተሥረያ በዓላቸው በኋላ በሃምሳኛው ቀን ጾመው ተራራ የሚወጡበት በዓል ስሙ ሰግድ ነው፤ ሰገደ ከሚለው ግሥ መውጣቱን ግስ የጀመረ ተማሪ እንኳ አይስተውም። በዚያ ቀን ከሚነበበውም መካከል ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በዕዝራና በነህምያ ፊት ኪዳኑን ያደሰበት ታሪክ አለ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል የግእዝ መምህር፥ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል መካከለኛው ግድግዳ የማን እንደ ሆነ የረሳ ሰው ነው።

ከዚህም በላይ ዕዳ አለብን። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሁሉ የአባቱን ርስት እንዲያጣ መታወጁን በአፈ ታሪክ የማያውቅ የለም። ርስቱን ያጣው ሰው መዶሻና ሸክላ ያዘ። ማረሻችንን የቀጠቀጠልን፥ ምጣዳችንንና ጋናችንን የሠራልን፥ በጎንደርም ዘመን አብያተ መንግሥቱ ሲታነጹ ከደከሙት አናጢዎችና ግንበኞች መካከል የነበረ እርሱ ነው። እኛ ግን እጁ በሠራው ምጣድ እየጋገርን ዓይኑን ፈራነው። ሕፃን በታመመ ቁጥር፥ ላም በነጠፈች ቁጥር ቡዳ እየተባለ የተከሰሰው ጠይቡ ነው። ይህን ባዕድ አምልኮ ነው፥ ሐሰት ነው ብሎ በዐውደ ምሕረት ቆሞ የገሠጸ ካህን ስንት ነው? ብዙ አይመስለኝም። ስለዚህ የእነርሱ ነገር ሲነሣ ዝም የማለት መብት ቢኖረን እንኳ የመናቅ መብት የለንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ማን ሾማቸው ወደሚለው ልመለስ።

የቤተ እስራኤል አበው እንደሚተርኩት በ15ኛው መቶ ዓመት አባ ሳብራ የሚባሉ አባት ምንኵስናን በመካከላቸው አቆሙ፤ ከእርሳቸውም ጋራ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነበረ የሚባለው ጸጋ አምላክ ተባባሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱን ያዘጋጁ፥ መጻሕፍቱን የገለበጡ፥ ቀሳውስቱን ያስተማሩ መነኰሳቱ ናቸው። አባ ሳብራን ማን ሾማቸው? ንጉሥ አልሾማቸውም፤ ንጉሡ ጠላታቸው ነበረ። ቤተ መቅደስ አልነበራቸውም፤ ጉልት አልነበራቸውም። ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋራ ተለይተው ገብተው ጾምና ጸሎት፥ ንባብና ጽሕፈት ጀመሩ። ዛሬ አንድ የከተማ ወጣት አምስት ጓደኞቹን ይዞ ማኅበር ሲያቋቁም ሥርዓት አፈረሰ የሚሉት ሰዎች፥ በዚያ ዘመን ቢሆኑ አባ ሳብራንም እንዲሁ ይሉአቸው ነበር። ስለ እኛም ገዳማት ይህንኑ መናገር ይቻላል፤ ጻድቃኑ ሁሉ መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ።

ከአባ ሳብራ የወረደው መስመር ከ1888 እስከ 1892 በሆነው ክፉ ቀን ክፉኛ ተመታ። (ለአሁኑ ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከብቱ አለቀ፥ ሰው አለቀ፥ ገዳማቱም ባዶ ሆኑ። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሚስዮናውያን በመካከላቸው ገብተው ነበርና ሕዝቡ በውስጥም በውጭም ተናውጦ ነበር። በ1862 አባ መሃሪ የሚባሉ መነኵሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር እንደ ተነሡና ብዙው በመንገድ እንዳለቀ የሚታወቅ ነው።

በዚህ ጊዜ ከውጭ የመጣውን ርዳታ አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከተው፤ ለክርክራችን ትልቅ ምስክር ነውና። በ1860 በፓሪስ ጥቂት አይሁድ ተሰብስበው አሊያንስ የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባለውን ሊቅ በ1867 ወደ አገራችን ላከው። ሃሌቪም ሕዝቡን አይቶ፥ ጸሎታቸውን ሰምቶ፥ ወንድሞቻችን ናቸው ብሎ መሰከረ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ለአርባ ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ሥራ አልተሠራም። ማኅበሩ እያደገ፥ ትምህርት ቤቱን በየአገሩ እየከፈተ፥ ታላቅ እየሆነ ሄደ፤ ታላቅ በሆነ መጠን ግን ለሩቁና ለጥቂቱ ሰው ጊዜ አጣ። በ1904 የሃሌቪ ተማሪ የሆነው ያዕቆብ ፋይትሎቪች መጣ። አሊያንስ ግን በ1908 ናሑም የሚባለውን ረቢ ልኮ አስመረመረና የሕዝቡ ቍጥር ጥቂት ነው፥ የተበታተነም ነው፥ ብዙ መድከም አያሻም የሚል ዐይነት ቃል ተቀበለ። ፋይትሎቪች በበኩሉ ይህን ቃል አልተቀበለም። በፊሬንዜ ከተማ ትንሽ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኋላም በአሜሪካ እንዲሁ አደረገ፤ ልጆችን ወደ ኤውሮፓ ወስዶ አስተማረ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈተ። የትምህርት ቤቱ አለቃ የሆኑት አቶ ታምራት አማኑኤልም በ1905 ፋይትሎቪች ከወሰዳቸው ከሁለቱ ልጆች አንዱ ናቸው። እንግዲህ ታላቁ መረመረ፥ ትንሹ ሠራ። የኢጣልያ ወረራ መጥቶ ሥራው እስኪቋረጥ ድረስ ያ ትንሽ ኮሚቴ ያደረገውን ታላቁ ማኅበር አላደረገውም።

ይሁን እንጂ ፋይትሎቪችን ሁሉ በሁሉ አላመሰግነውም። ትምህርቱ ጎዶሎ ነበር። ሕዝቡን እንደ ኤውሮፓ አይሁድ ለማድረግ ስለ ፈለገ ዕብራይስጥን አመጣ፥ የመሥዋዕቱንና የምንኵስናውን ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር ነገር ተመለከተው። ልጆቹ ጣልያንኛ፥ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ተማሩ፤ ከቄሱ አፍ ግእዙን ተቀብሎ በአፉ የሚይዝ ደቀ መዝሙር ግን በቄሱ እግር ሥር አልተተከለም። ከዚያም በኋላ የመጡት እንዲሁ አደረጉ። በ1955 በአስመራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955ና በ1956ም 27 ወጣቶች ክፋር ባትያ ወደሚባል የእስራኤል ትምህርት ቤት ተልከው ተምረው መጡ። እነዚህ ወጣቶች ለሕዝባቸው መልካም አስተማሪዎች ሆኑ፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከሩቅ አገር ያመጣውን ዕውቀት ይዞ ሲገባ፥ በደጅ የተቀመጠው ሽማግሌ ቄስ ዜማ በጆሮው እንደ አሮጌ ነገር መሰማቱ አይቀርም። የዜማ ትምህርት ደግሞ እንደ መጽሐፍ በሣጥን ተቆልፎ አይቆይም። አንድ ትውልድ ካልተቀበለው አለቀ። ይህን የጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህራንና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ባለ ሥልጣን ያድሳል ለሚለው ወገን ደግሞ ከዚህ በኋላ የሆነውን ላስታውሰው። በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የቤተ እስራኤልን አይሁድነት አጸደቁ፤ በ1975ም የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ እንዲደርሳቸው አደረገ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ 8,000 ያህል ሰው በሱዳን በኩል ተወሰደ፤ 4,000 ያህል ሰው ደግሞ በመንገድና በሱዳን ሰፈር በረኃብና በደዌ አለቀ። በግንቦት ወር 1991 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተጓዘ። ይህ ሁሉ ታላቅ ነገር ነው፤ መንግሥት ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው። ሰውየውን ከአገር ወደ አገር አሻገረው። ጸሎቱንስ አሻገረለትን?

በአገሩ ሳለ ቄሱ ያጋባ ነበር፥ ይፈታ ነበር፥ ጠብ ያስታርቅ ነበር፥ የፋሲካውን በግ ያርድ ነበር። ኢየሩሳሌም ሲደርስ የረቢዎቹ ሸንጎ ጋብቻ የመመዝገብ ሥልጣን ነሣው። ሕዝቡም አይሁድነቱ ተረጋግጦ ከመጣ በኋላ ደግሞ ለማጽናት በውኃ ይጠመቅ ተባለ፤ በዚህም ምክንያት በ1985 ብዙ ሕዝብ በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ሳምንት ከሳምንት ተቀምጦ ጮኸ። ከዘመን በኋላ አንዳንዶቹ ቀሳውስት የመንግሥት ደመወዝ ተቆረጠላቸው፤ ደመወዝ ያለው ሥልጣን ግን የሌለው ቄስ ሆኑ። ይህን ያደረገው የወጣት ማኅበር አይደለም። ይህን ያደረገው ሹመት ያለው፥ ማኅተም ያለው፥ ወንበር ያለው ነው። ማን ሾማቸው እያልህ የምትጠይቅ ወንድሜ ሆይ፥ የተሾመው ምን እንዳደረገ እነሆ ተመልከት።

ክፍተቱ በዚህ በኩል ሲሰፋ እነዚያ ትንንሽ ማኅበራት ተነሡ። ስማቸው ራሱ ቅኔ ነው። አንዱ ፊደል ይባላል፤ በትምህርት ቤቱና ቋንቋውን በማያውቁት ወላጆች መካከል የሚያስታርቁ ሰዎችን አሠልጥኖ ያሰማራል። ሌላው ጠበቃ ይባላል፤ በ2000 የተቋቋመ የሕግ ማኅበር ነው፥ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ለተገፋው ሰው በፍርድ ቤት ይቆምለታል። በእንግሊዝ አገር የተቋቋመውና በጎንደር ያሉትን የሚረዳው ደግሞ መከታ ይባላል። ልጆቹ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሆነው ሳሉ ማኅበራቸውን ሲሰይሙ የመጣላቸው ቃል የአባቶቻቸው ቃል መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ፍሬውም ታይቶአል። የሰግድ በዓል በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ ተደንግጎ የአገር በዓል ሆነ፤ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም፥ ቀሳውስቱ በየዓመቱ ጥላቸውን ዘርግተው ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም ኮረብታ እየሰበሰቡ፥ ማኅበራቱም በየሹሙ ደጅ እየጸኑ ያመጡት ነው። በቴል አቪቭም ዩኒቨርሲቲ የኦሪት ጠባቂዎች የሚባል ትምህርት ተከፍቶ ከሕዝቡ ወገን የሆኑ ወጣት ሊቃውንት የአበውን ንባብና ትርጓሜ ያጠናሉ፤ በ2023ም በቀሳውስቱ እጅ ተጠብቀው የኖሩ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት መታወቃቸው ተነገረ። ከአባ ሳብራ ዘመን የመጣ ብራና ማለት ነው! መጽሐፉን ከክፉ ቀንና ከስደት አውጥቶ የጠበቀው ቄሱ ነው፤ ዋጋውን ለዓለም ያስታወቀው ከቄሱ እግር ሥር የተቀመጠው ወጣት ነው። እኔ መታደስ የምለው ይህን ነው።

ማኅበራት ሁሉ እንዲህ ናቸው አልልም። ስብሰባ ጠርቶ፥ ሥዕል አንሥቶ፥ ለለጋሹ ሪፖርት ጽፎ የሚበተን ማኅበር በዚያም አለ፥ በዚህም አለ። መለኪያዬ አንድ ነው። ማኅበሩ የሚያስተምር ሽማግሌና የሚማር ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ለሁለቱም ምሳ የሚያቀርብ እንደ ሆነ ሕዝብ ያድሳል። ሕንጻ ብቻ የሚሠራ እንደ ሆነ ሕንጻ ይሠራል፤ ሌላ ምን ይባላል?

ይህ ነገር በኢትዮጵያውያን ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። በ1968 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አንድ የወጣት ስብስብ ተነሣ፤ በታላላቁ ምኵራብ የሚደረገው ጸሎት ቢበርድበት በአንድ ቤት ተሰብስቦ ራሱ መጸለይና መማር ጀመረ። ስሙን ሐቩራት ሻሎም አለው። ሐቩራ ማለት ማኅበር ማለት ነው፤ የግእዙ ኀብረ ከዚያው ከአንድ የሴም ሥር የወጣ ወንድሙ ነው፥ ስለዚህ የማርያም ማኅበር ጠጪ የሆነ ሁሉ ቃሉን ሳያውቀው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በአሜሪካ በዙ። በእንግሊዝ ደግሞ በ1980 ሊሙድ፥ ማለት ትምህርት፥ የሚባል ጉባኤ ተጀመረ፤ የሚያዘጋጁት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፥ የሚያስተምረውም ዛሬ ተማሪ የነበረው ነገ መምህር እየሆነ ነው። የአገሩ ሊቀ ረቢዎች በሥልጣን ሳሉ ወደዚያ ጉባኤ አይሄዱም ነበር። በሹመቱ ላይ እያለ መጀመሪያ የሄደው በ2013 ሊቀ ረቢ ምርቪስ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! የቴቁሐ ታላላቆች በእንግሊዝም ነበሩ፤ ነገር ግን በመጨረሻ አንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

ወደ ጎንደር ልመለስ። በዚያ ከተማ ወደ እስራኤል ለመሻገር የሚጠባበቁ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ አብዛኞቹ አያቶቻቸው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ተጠምቀው የነበሩ ናቸው። አንዳንድ ወንድሞቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል፥ የተጠመቀ እንዴት ወደ ኦሪት ይመለሳል ይላሉ። ስለ ጥምቀት ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን እኔም አስተምራለሁ። ነገር ግን ያች አያት ወደ ውኃው የመጣችው ርስት ፈልጋ ነውን፥ ስድቡን ሸሽታ ነውን፥ ወይስ አምና ነው? በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ ምክንያት ከሆነ የምንጠየቀው እኛ ነን። ይህን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ የዛሬው ነገሬ ስለ ማኅበር ነው።

በዚያ ሕዝብ ላይ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ከ1982 ጀምሮ የቆመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ማኅበር በጎንደር ትምህርትና ምግብ ሲሰጥ ኖሮ በ2011 ሥራውን ለአይሁድ ኤጀንሲ አስረከበ። በ2013 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት ነገሩ ተፈጸመ አለ፥ ኤጀንሲውም ዘግቶ ሄደ። በታላላቆቹ አሳብ ሕዝቡ በዚያ ቀን ሊበተን ይገባው ነበር። አልተበተነም። የጸሎት ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ዕብራይስጥ ያወቀው ላላወቀው አስተማረ፤ ሰንበትና በዓል በየጊዜው ተጠበቀ። በ2000 በአሜሪካ የተመሠረተ፥ በዚያ ያሉ አገልጋዮቹ ደመወዝ የማይቀበሉ ሌላ ትንሽ ማኅበርም ለሕፃናቱና ለእርጉዞቹ ምግብ ማቅረቡን ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ2015፥ መንግሥቱ የተፈጸመ ያለውን ነገር መልሶ ከፈተ፤ ከ2020 መጨረሻም ጀምሮ ብዙ ሺሕ ሰው ተሻገረ። እነዚያ ትንንሾች በሩን ባይጠብቁት ኖሮ መንግሥት ሲመለስ ማንን ያገኝ ነበር?

እስካሁን የሩቁን ስናገር ያጨበጨበልኝ አንባቢ ከዚህ በኋላ እንዳይቈጣኝ እለምነዋለሁ።

እኛም እንደ ቤተ እስራኤል የቃል ትምህርት ወራሾች ነን። የቅኔ ቤታችን፥ የድጓ ቤታችን፥ የአቋቋም ቤታችን የቆመው በሁለት ነገር ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን መሬትና በተማሪው ቁራሽ። በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ መሬቱ ሄደ፤ መምህሩ በሰው እጅ ላይ ወደቀ። ቁራሹም እየቀነሰ ነው፤ ገበሬው ራሱ ሲቸገር፥ መንገዱ ሲያስፈራ፥ ልጁም አኩፋዳ ይዞ ከሚለምን ከተማ ገብቶ ቀን ሠራተኛ ቢሆን ሲመርጥ። ከ2023 ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ደግሞ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር የሚሄድበትን መንገድ በየጊዜው ቆርጦአል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የታወቀ ሆኖ ሳለ የእኛ መልስ ምንድር ነው? የበላይ አካል ያስብበት የሚል ነው።

ያየሁትን ልናገር፤ ደብሩን አልጠራውም። ስድስት ወጣቶች፥ ሁለቱ ባለ ሱቅ፥ አንዷ አስተማሪ፥ የቀሩት የመንግሥት ሠራተኞች፥ ለአንድ የቅኔ መምህርና ለአሥራ አንድ ተማሪዎቹ በየወሩ ጤፍና ሽሮ የሚያዋጡበት ማኅበር ጀመሩ። ሥራው አራት ወር ሄደ። ተማሪው ከልመና ስላረፈ ቅኔ መቍጠሪያ ሰዓት አገኘ፤ መምህሩም ሌሊት አስነግሮ ጠዋት ያቀና ጀመር። በአምስተኛው ወር የደብሩ አለቃ ወጣቶቹን ጠርቶ፦ ደንባችሁ የት ጸደቀ? ገንዘቡስ በየትኛው ካዝና ገባ? አላቸው። ገንዘብ አልነበረም፤ እህል ነበር። ጸደቀም አልጸደቀም ሲባባሉ ነገሩ ቀዘቀዘ። በክረምቱ መግቢያ ተማሪዎቹ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ሄዱ፥ መምህሩ ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ። ሒሳብ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጭብጦ ቆጥሮ መዝጋት ግን ሒሳብ አይደለም። አለቃው በዚያው ዓመት ለደጀ ሰላሙ አዲስ ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ የቆርቆሮውን መዋጮ ያወጁት ደግሞ ደንብ ሳያጸድቁ ነው።

በእኛም ዘንድ ሌላ ምሳሌ የለም እንዳይባል፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩትና በ1984 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳን የአብነት ትምህርት ቤቶችን መርዳቱን ሁሉም ያውቃል። እርሱም ሲጀመር ማን ሾማቸው ተብሎአል። ዛሬ ግን በእርሱ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ ያው የድሮው ስንፍና በአዲስ ልብስ ነው፤ አንድ ማኅበር የአገሩን መምህር ሁሉ ሊመግብ አይችልም፥ አሊያንስም ታላቅ ከሆነ በኋላ የሆነውን አይተናል። የእስቴ ሰው የእስቴን፥ የስማዳ ሰው የስማዳን፥ የጋይንት ሰው የጋይንትን በየቤቱ አንጻር ያንሣ።

እንግዲህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለደብር አለቆችና ለሰበካ ጉባኤያት ነው። አሥር ሰው ተሰብስቦ አንድ መምህር እንመግባለን ሲል ፈቃዱን በአንድ ቀን ስጡት፤ ሒሳቡን በዓመት አንድ ጊዜ በጉባኤ ፊት ተቀበሉት፤ በመካከሉ ግን እጃችሁን አታግቡበት። በመካነ ኢየሱስ ገበያ ቅዳሜም ሆነ በሌላ ቀን እህል የሚሰፍር ነጋዴ አንድ ቁና ለተማሪ ቢለይ ማንም አይደኸይም፤ የሚያሳዝነው የሚቀበለው ማኅበር አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ለግእዝ ሊቃውንት ነው፤ ይህን ስናገር የሚያጕረመርሙ እንዳሉ አውቃለሁ። የቤተ እስራኤል ወጣቶች የአባቶቻቸውን ብራና በእጃቸው ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ግን አያነቡትም። ሽማግሌዎቹ ቀሳውስት እያለፉ ናቸው። እኛ ደግሞ ግሡን ከነርባታው፥ ንባቡን ከነሥርየቱ ይዘን ተቀምጠናል። ከእነዚያ ማኅበራት አንዱ የግእዝ መምህር ስጡን ብሎ ቢጠይቅ እንስጠው፤ ባይጠይቅም እኛ እንጻፍለት። ለስብከት አይደለም። ማንንም ወደ ማንም ሃይማኖት ለመጎተት አይደለም፤ እንደዚህ ያለ አሳብ የያዘ ሰው ባይሄድ ይሻላል፥ በዚያ ሕዝብ ላይ ሚስዮናውያን የሠሩት ይበቃልና። የምንሄደው ንባብ ለማስነበብ፥ ተነሽና ወዳቂ ለማሳየት፥ ዜማውን ግን እነርሱ ከቄሶቻቸው እንዲቀበሉ ለመተው ነው። ከአንድ እናት ቋንቋ የተወለደ ወንድም የጠፋበትን ቃል ቢጠይቅ የሚከለክል የትኛው ቀኖና ነው?

የሚያውቀው ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ፤ ምዕራፉንና ቍጥሩን ጠቅሶ ይጻፍልኝ፤ እኔም በሚመጣው ሳምንት መልስ እሰጣለሁ።